ካርቶኑ 5000 ዋት ይላል፤ የድምፅ መለኪያዬ ግን ሌላ ነገር ነገረኝ

የድምፅ መለኪያ የገዛሁት በታችኛው ፎቅ ጎረቤቴ ምክንያት ነው። ሁላችንም እማማ ነው የምንላቸው። አንድ እሑድ ከሰዓት በሬን አንኳኩ። አልተቆጡም፤ እንዲያውም እሳቸው ይቅርታ የሚጠይቁ ነበር የሚመስለው። «ልጄ፣ ዘፈኑስ ባልከፋ። ያ ዱም ዱም የሚለው ነገር ነው አልጋዬ ድረስ የሚመጣው» አሉኝ። ደነገጥኩ። ሳሎን ተቀምጬ ከእህቴ ጋር ድምፄን ሳላነሳ እያወራሁ ነበር እኮ። ለእኔ ሙዚቃው ለስለስ ያለ ነው፤ ለእሳቸው ግን እንቅልፍ የሚነሳ። በጆሮ ብቻ ከሄድን ሁለታችንም ልክ ነን፣ ክርክሩም አያልቅም። ቁጥር ያስፈልገኝ ነበር።

ስለዚህ ይሄ ጽሑፍ የዚያች ትንሽ መለኪያ ግምገማ ነው። በዚያውም ቤቴ ያሉትን ሁለት ስፒከሮች ስለካ ያገኘሁትን እነግራችኋለሁ፤ ምክንያቱም ከመለኪያው ይልቅ የገረመኝ እሱ ነው።

መርካቶ ገብቼ «የድምፅ መለኪያ አለ?» ስል ሻጩ መጀመሪያ ያወጣልኝ የኤሌክትሪክ መለኪያውን ቴስተር ነው። «አይ፣ የጩኸት መለኪያ» አልኩት። «እ፣ የዴሲቤል!» አለና ከላይኛው መደርደሪያ አቧራ የጠጣ ካርቶን አወረደልኝ። ውስጡ በእጅ የምትያዝ ረዘም ያለች ነገር አለች፤ መጠኗ ከቲቪ ሪሞት ብዙም አይበልጥም። ጫፏ ላይ ማይክ አለ፣ ማይኩን የሚሸፍን ጥቁር ክብ ስፖንጅ አለ፣ ከታች አራት ቁልፎች አሉ። ከ30 እስከ 130 ዴሲቤል (የጩኸት መጠን የሚነገርበት መለኪያ ነው) ትለካለች፤ ስህተቷ ወደ ላይም ወደ ታችም 1.5 ዴሲቤል ነው ይላል ወረቀቱ። ስም ያለው ኩባንያ የሠራት አይደለችም። ባትሪ አስገባሁ፣ ሱቁ ውስጥ ከፈትኳት፣ 74 አለች። በሩ ላይ መኪና ጡሩንባ ሲያሰማ 91 ዘለለች። ገዛኋት።

ቤት ስገባ መጀመሪያ ያደረግኩት እሷን ራሷን መመርመር ነው። መለኪያውን የሚለካው ማን ነው? ስቱዲዮ የሚሠራ ጓደኛ አለኝ። እሱ ጋ ካሊብሬተር የሚባል ትንሽ ሲሊንደር አለ፤ ማይኩን እዚያ ቀዳዳ ውስጥ ትከቱታላችሁ፣ በ1000 ኸርዝ (ኸርዝ የድምፅ ቅጥነትና ውፍረት መለኪያ ነው፤ ቁጥሩ ሲያንስ ድምፁ ይወፍራል) ልክ 94 ዴሲቤል ድምፅ ያወጣል። የኔዋ 93.4 አለች። ጓደኛዬ ቅንድቡን ከፍ አደረገ፤ ይህን ያህል ትጠጋለች ብሎ አልጠበቀም። ለቤት ሥራ 0.6 ዴሲቤል ምንም ማለት አይደለም። የእናንተዋ እንደዚህ ላትሆን ትችላለች፤ ርካሽ ዕቃ አንዱ ከሌላው ይለያያልና። ካሊብሬተር ያለው ሰው ካገኛችሁ ግን አንዴ አስሞክሩት።

ቀጥሎ ስልክ። «ስልኬ ላይ አፕ አለ፣ ለምን ብር አወጣለሁ?» የምትሉ እንደምትኖሩ አውቃለሁ፤ እኔም ብዬው ነበር። ፒንክ ኖይዝ የሚባለውን ድምፅ ከፈትኩ። ዝናብ ሲዘንብ የሚሰማ ዓይነት አንድ ወጥ ሹሹሹ ነው። ዘፈን ከፍና ዝቅ ስለሚል ቁጥሩ አይረጋም፤ ይሄ ግን ይረጋል። መለኪያዋ 75 ላይ ቆመች። የእህቴ አይፎን ላይ የአሜሪካው የሥራ ደህንነትና ጤና ኢንስቲትዩት፣ ናዮሽ የሚባለው፣ በ2017 እ.ኤ.አ. ያወጣውን ነፃ አፕ ጫንን፤ 74.6 አለ። የኔ አንድሮይድ ላይ ያሉት ሁለት አፖች ግን አንዱ 68፣ አንዱ 81። አንድ ስልክ፣ አንድ ቦታ፣ አንድ ድምፅ፣ የ13 ዴሲቤል ልዩነት።

ምክንያቱ ግልፅ ነው። አይፎን የሞዴሉ ዓይነት ጥቂት ነው፣ ማይኩም ይታወቃል፣ ስለዚህ አፑን የሠሩት ሰዎች ላብራቶሪ ውስጥ ፈትነው በ2 ዴሲቤል ልዩነት ውስጥ እንዲሆን አድርገውታል። አንድሮይድ ግን መቶ ዓይነት ፋብሪካ፣ መቶ ዓይነት ማይክ ነው፤ ናዮሽም ለዚህ ነው አፑን ለአይፎን ብቻ ያወጣው። በዚያ ላይ የስልክ ማይክ የተሠራው ለሰው ንግግር ነው። ብዙ ስልክ ላይ ወፍራሙን ድምፅ ቀድሞ ይቆርጠዋል፣ ጩኸት ሲበዛም ራሱ ይቀንሰዋል። ቤዝ፣ ማለትም ወፍራሙን ድምፅ፣ ልለካ ብላችሁ በእንዲህ ዓይነት ስልክ ብትሞክሩ ድካም ነው ትርፉ። አይፎን ያለው ሰው ለጆሮው ደህንነት ብቻ ከሆነ የናዮሹ አፕ ይበቃዋል፤ እንዲያውም አማካዩን ስለሚያሰላ እዚያ ላይ ከኔዋ መለኪያ ይበልጣል። አንድሮይድ ያለን ግን መለኪያ ያስፈልገናል።

እሺ፣ ወደ ስፒከሩ።

ሳሎኔ ውስጥ ሁለት ነገር አለ። አንደኛው ቁመቱ ወገቤ የሚደርስ፣ መብራቱ የሚያብለጨልጭ፣ ካርቶኑ ላይ በትልቁ 5000 ዋት የተጻፈበት ስፒከር ነው። ሁለተኛው ከውጭ ከመጣ ሰው ሰልቫጅ ዋጋ የገዛኋቸው ሁለት ትንንሽ የመደርደሪያ ስፒከሮች ናቸው፤ 30 ዋት ከሚሰጥ አሮጌ አምፕሊፋየር ጋር፣ ከሥር ደግሞ አንድ ሰብዉፈር፣ ቤዙን ብቻ የሚያወጣ ስፒከር። እንግዳ ሲመጣ የሚያደንቀው የመጀመሪያውን ነው።

ትልቁን አንድ ሜትር ላይ ለካሁት። መለኪያዋን በእጄ አልያዝኳትም፤ የሰው ገላ ድምፅ ያንፀባርቃል፣ ስለዚህ የካሜራ ማቆሚያ ላይ በጆሮ ቁመት አሰርኳት። መስኮት ዘጋሁ፣ ፍሪጁን ነቀልኩ። ድምፁን ቀስ እያልኩ ጨመርኩ፤ መሰንጠቅ ሲጀምር ትንሽ መለስኩና አነበብኩ። 98 ዴሲቤል። ትንንሾቹን በተመሳሳይ መንገድ ለካሁ። 101።

አዎ፣ 30 ዋቱ 5000 ዋቱን በለጠው።

መጀመሪያ መለኪያዋ የተሳሳተች መሰለኝ፤ ደግሜ ለካሁ፣ ያው ነው። ከዚያ ትልቁን ስፒከር አዙሬ ጀርባው ላይ ያለችውን ትንሽ ወረቀት በስልክ መብራት አነበብኩ። ከግድግዳ የሚወስደው ኃይል 60 ዋት ነው ይላል። ከግድግዳ 60 ዋት የሚጠጣ ዕቃ 5000 ዋት ከየት አምጥቶ ይተፋል? ካርቶኑ ላይ ከዋቱ አጠገብ ፒኤምፒኦ የሚሉ ደቃቅ ፊደሎች ነበሩ። እነዚህን ፊደሎች ካያችሁ ቁጥሩን እርሱት፤ አንድ ወጥ የመለኪያ ደንብ የለውም፣ ፋብሪካው የፈለገውን ይጽፋል። አርኤምኤስ የሚለውን፣ ማለትም ሳያቋርጥ የሚሰጠውን ኃይል፣ ፈልጉ። እሱም ከሌለ ዕቃውን አዙሩና ጀርባውን አንብቡ። ሻጩ ካልፈቀደ ሌላ ሱቅ አለ።

ሒሳቡን ልንገራችሁ፣ ከባድ አይደለም። ዴሲቤል እንደ ኪሎ ወይም እንደ ሜትር አይደመርም። ዋቱ እጥፍ ሲሆን የሚጨምረው 3 ዴሲቤል ብቻ ነው። ዋቱ አሥር እጥፍ ሲሆን 10 ዴሲቤል ይጨምራል፤ ጆሯችን «አሁን እጥፍ ጮኸ» የሚለው ደግሞ በግምት እዚያ ላይ ነው። ስለዚህ 50 ዋት ያለው ሰው 100 ዋት ቢገዛ እጥፍ ብር ከፍሎ የሚያገኘው ትንሽ ከፍ ያለ ድምፅ ነው፣ ያውም ልብ ብሎ ካዳመጠ። ከዋቱ ይልቅ ማየት ያለባችሁ ስፒከሩ በ1 ዋት አንድ ሜትር ላይ ስንት ዴሲቤል እንደሚያወጣ ነው። ሴንሲቲቪቲ ይሉታል። የቤት ስፒከር አብዛኛውን ጊዜ ከ85 እስከ 90 ነው። የትንንሾቹ ጀርባ ላይ 88 ይላል። 30 ዋት ከ1 ዋት 30 እጥፍ ነው፣ ይህም በዴሲቤል 15 ገደማ ነው፤ በ88 ላይ እሱን ስትደምሩ 103 ይመጣል፤ እኔ የለካሁት 101 ነው፣ ተቀራራቢ ነው፣ ወረቀቱ እውነት ተናግሯል። ትልቁ ግን 85 ነው ብንል እንኳን 5000 ዋት እውነት ቢሆን 37 ተደምሮ 122 ዴሲቤል ሊያወጣ ነው። 122 ላይ ሳሎን ውስጥ ማንም አይቀመጥም፤ ጆሮ ያማል። የኔው 98 ነው ያወጣው። ለ98 ደግሞ 20 ዋት ይበቃል።

እውነቱን ለመናገር እዚህ ላይ ተናደድኩ። ያንን ስፒከር ስገዛ ሰውየው «ወንድሜ፣ ይሄ እኮ 5000 ነው፣ ሰርግ ያስጨፍራል» ብሎኝ ነበር። ሱቁን አልጠራም፣ ምክንያቱም ሁሉም ሱቅ ውስጥ ያው ካርቶን ነው ያለው። ነገር ግን ሰው ከደሞዙ ቆጥቦ በዓል ሲደርስ ለቤቱ የሚገዛው ዕቃ ነው። ቁጥሩ ውሸት መሆን አልነበረበትም።

አሁን ወደ እማማ ጉዳይ ልመለስ፣ ዋናው እሱ ነውና።

መለኪያዋ ላይ ኤ እና ሲ የሚል ቁልፍ አለ። መጀመሪያ ልብ አላልኩትም። ስትከፈት ኤ ላይ ናት፣ አብዛኛው ሰውም እዚያው ይተዋታል። ኤ የሰውን ጆሮ ለመምሰል የተሠራ ማጣሪያ ነው፤ ጆሯችን ወፍራም ድምፅ ላይ ደካማ ስለሆነ እሱም ወፍራሙን ይቀንሳል። የሚቀንሰው ግን በጣም ብዙ ነው፦ 100 ኸርዝ ላይ 19 ዴሲቤል፣ 50 ኸርዝ ላይ 30 ዴሲቤል። ሰብዉፈር ደግሞ የሚሠራው በትክክል እዚያ ነው! ሲ ላይ ስታደርጉት 50 ኸርዝ ላይ የሚቀንሰው 1 ዴሲቤል ገደማ ብቻ ነው። ማለትም ኤ ቤዙን አያይም፣ ሲ ያየዋል።

ሞከርኩት። አንድ የማሲንቆና የክራር ቀረፃ ከፈትኩ፤ በኤ 68፣ በሲ 71። ከዚያ አሁን አሁን የሚወጡትን፣ ቤዙ ደረት የሚመታ ዘፈን ከፈትኩና ድምፁን እስኪስተካከል ድረስ ዝቅ አደረግኩ፤ በኤ ያው 68፣ በሲ ግን 86። በኤ ብቻ ብትለኩ ሁለቱ ዘፈኖች እኩል ናቸው። ለግድግዳውና ለወለሉ ግን በፍፁም እኩል አይደሉም።

እማማን አስፈቅጄ መኝታ ቤታቸው ገባሁ። ቡና አፍልተው ነበር፤ «ይሄ ምንድን ነው ደግሞ?» አሉኝ መለኪያዋን እያዩ። «ጩኸቴን ልለካው ነው እማማ» አልኳቸው። እህቴ ላይ ቤት ሆና ያንን ቤዛማ ዘፈን እንድትከፍት ደወልኩላት። ከመከፈቱ በፊት ክፍሉ በኤ 33፣ በሲ 48 ነበር። ሲከፈት በኤ 35 ሆነ። ሁለት ዴሲቤል ብቻ! ወረቀት ላይ ብናየው ምንም አልተፈጠረም። በሲ ግን 48 የነበረው 61 ገባ። አልጋው ላይ እጄን ሳሳርፍ ንዝረቱ በጣቴ ይሰማኛል። ዘፈኑ አይሰማም፣ ዘፋኙ አይሰማም። ዱም ዱም ብቻ። እማማ ዝም ብለው ነበር የሚያዩኝ። ከዚያ «አየህ?» አሉኝ።

አየሁ።

ይሄን በደንብ ልብ በሉልኝ፣ ምክንያቱም ኮንዶሚኒየም ውስጥ የሚኖር ሰው ሁሉ ጉዳይ ነው። የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 ድምፅንም ይመለከታል፤ በአገራችን ደረጃ ለመኖሪያ ሰፈር የተቀመጠው ጣሪያ ቀን 55፣ ሌሊት 45 ዴሲቤል ነው። የእማማ ክፍል በኤ 35 ነው፤ ከሌሊቱ ጣሪያ እንኳን 10 ዴሲቤል በታች። በዚህ ቁጥር ብቻ ብከራከር እረታቸው ነበር። ግን ሴትዮዋ እንቅልፍ አጥተዋል፣ ያጡትም በእኔ ምክንያት ነው። ቁጥሩን ላልሆነ ጥያቄ መልስ አድርገን ስናነበው ጎረቤት እንበድላለን።

ቀጣዩ ጥያቄ ቤዙን ለምን ያን ያህል እንደከፈትኩት ነበር። በጆሮዬ ብዙ አልነበረማ። እዚህ ላይ መለኪያዋ ዋጋዋን መለሰችልኝ።

ሳሎኔ ርዝመቱ 4 ሜትር ነው። 45 ኸርዝ አካባቢ ያለ አንድ ወጥ ቶን ከፈትኩና መለኪያዋን ሲ ላይ አድርጌ ከግድግዳ ግድግዳ በዝግታ ተራመድኩ። ስፒከሮቹ ካሉበት ግድግዳ አጠገብ 84። አንድ ሜትር ስርቅ 80። መሃል ላይ ስደርስ 70! ከዚያ ወደ ኋላው ግድግዳ ስጠጋ እንደገና 83። ድምፁን ማንም አልነካውም፣ የተንቀሳቀስኩት እኔ ነኝ። ነገሩ እንዲህ ነው፦ ድምፅ በሰከንድ 343 ሜትር ገደማ ይጓዛል፣ በሁለት ግድግዳ መካከል የሚመላለስ ወፍራም ድምፅ ደግሞ የሞገዱ ግማሽ ከክፍሉ ርዝመት ጋር ሲገጥም እዚያው ይቆማል። ለ4 ሜትር ክፍል ይሄ 43 ኸርዝ ላይ ነው። ግድግዳዎቹ ጋ ድምፁ ይከማቻል፣ መሃሉ ላይ ይጠፋል።

የኔ ሶፋ የት ነበር? ልክ መሃል።

እንግዲህ ለዓመታት ቤዙ በሌለበት ቦታ ተቀምጬ «ቤዝ የለውም» እያልኩ ስጨምር ኖሬያለሁ። እኔ ያልሰማሁትን እማማ ሰምተዋል።

ሶፋውን ወደ ኋላው ግድግዳ ገፋሁት። ሙሉ በሙሉ አላስጠጋሁትም፣ 80 ሳንቲሜትር ተውኩ። ሰብዉፈሩ ጥግ ላይ ነበር የተወሸቀው፤ ጥግ ቤዝ ያጎላል፣ ስለዚህ ከጥግ አወጣሁት። ከሥሩ ወፍራም ስፖንጅ፣ ከስፖንጁ በላይ ጣውላ አደረግኩለት፣ ንዝረቱ በቀጥታ ወለል እንዳይገባ። ከዚያ የቤዙን ቁልፍ ቀነስኩ፣ ደህና አድርጌ። አሁን ሶፋው ላይ ሆኜ የምሰማው ቤዝ ከድሮው ይበልጣል። እማማ ክፍል ወርጄ ስለካ ደግሞ በሲ 61 የነበረው 53 ሆኗል። ለዚህ ሁሉ ያወጣሁት ብር የስፖንጁ ብቻ ነው።

አንድ ነገር ጣል ላድርግና ልለፍ። ድምፅ ዝቅ ስታደርጉ ቤዙ ቀድሞ የጠፋ ይመስላችኋል፤ ስፒከሩ ተበላሽቶ አይደለም። ፍሌቸርና መንሰን የሚባሉ ተመራማሪዎች በ1933 እ.ኤ.አ. ያሳዩት የጆሮ ጠባይ ነው። ዝቅ ባለ ድምፅ ጆሯችን ወፍራሙን በደንብ አይሰማም። ስለዚህ ማታ ማታ ቤዝ መጨመር ያምረናል፤ ማታ ደግሞ ጎረቤት የሚተኛበት ሰዓት ነው።

ጆሮስ? ናዮሽ ለሠራተኛ ያስቀመጠው 85 ዴሲቤል ለ8 ሰዓት ነው። በየ3 ዴሲቤሉ ጊዜው በግማሽ ይቆረጣል፦ 88 ለ4 ሰዓት፣ 91 ለ2 ሰዓት፣ 94 ለ1 ሰዓት፣ 100 ላይ 15 ደቂቃ። የዓለም ጤና ድርጅት ደግሞ ለመዝናኛ ማዳመጥ በሳምንት 40 ሰዓት 80 ዴሲቤል፣ ለልጆች 75 ይላል። እዚህ ላይ ኤ ነው የሚነበበው፣ ሲ አይደለም። እኔ ሶፋዬ ላይ ሆኜ ሙዚቃ የምሰማው ከ68 እስከ 72 ነው፣ ዜና ደግሞ 58 ገደማ፤ ደህና ነኝ። የወንድሜ ልጅ ልደት ቀን ግን ያንን መብራታም ስፒከር ከፍተውት ልጆቹ ፊቱ ቆመው ሲጨፍሩ ለካሁ፣ 96። ልጆቹ አንድ ሜትር እንኳን አልራቁም። ወዲያው ወርጄ ቀነስኩት፣ ስፒከሩንም ጠረጴዛ ላይ ሰቀልኩት። መራቅም ይረዳል፦ ሜዳ ላይ ርቀት እጥፍ ሲሆን 6 ዴሲቤል ይቀንሳል፤ ቤት ውስጥ ግድግዳው ስለሚመልሰው ያን ያህል አይቀንስም፣ እኔ ከ1 ወደ 2 ሜትር ስሄድ ያገኘሁት 4 ነው። ቢሆንም 4 ዴሲቤል ለልጅ ጆሮ ብዙ ነው።

እናቴ ቤት ወስጃትም ነበር መለኪያዋን፣ ሐምሌ ላይ። የቆርቆሮ ጣሪያ ነው፣ ኮርኒሱ ስስ ነው። ዝናቡ ሲወርድ ሳሎኑ ብቻውን 73 ገባ። እናቴ ቲቪውን ለምን እስከ መጨረሻው እንደምትከፍት ያኔ ገባኝ። ዜና አንባቢውን ለመስማት ከዝናቡ በላይ መጮህ አለበት። «ጆሮሽን ታዪ እንዴ እማዬ» እያልን ስንጨቀጭቃት ነበር፤ ጆሮዋ ምንም አልሆነም።

የመለኪያዋ ጉድለቶች። ስትጠቀሙባት በራሷ ትጠፋለች፣ ጥቂት ደቂቃ ቁልፍ ካልነካችሁ ድርግም ነው፤ ረጅም ነገር ለሚለካ ሰው ያበሳጫል። አማካይ አታሰላም፣ አትመዘግብም፣ ከፍተኛውንና ዝቅተኛውን ብቻ ትይዛለች፤ ስለዚህ ዘፈን ስትለኩ ዝግ ያለውን ንባብ (ቁጥሩ በዝግታ የሚቀያየርበትን) መርጣችሁ በዓይናችሁ መገመት ነው። ከ30 በታች አታይም። ስፖንጇ ላላ ያለ ነው፣ እኔ ሁለት ጊዜ ከሶፋ ሥር ለቅሜዋለሁ፤ ያለ እሱ ደግሞ ከመስኮት የሚገባ ትንሽ ንፋስ ቁጥሩን ይዞት ይወጣል። መመሪያ ወረቀቷ ፊደሉ ደቃቅ ነው፣ ስለ ኤና ሲ የሚለው አንድ መስመር ብቻ ነው፣ የሚያስፈልገው ግን ዋናው እሱ ነበር።

ስትገዙ ኤና ሲ ሁለቱም ያላትን ግዙ። ኤ ብቻ ያላቸው ረከስ ያሉ አሉ፤ ለጆሮ ጥበቃ ይሆናሉ፣ ለጎረቤት ጉዳይ ግን አይሆኑም። የቤት ቲያትር ያላችሁ ደግሞ አምፕሊፋየራችሁ ውስጥ የመሞከሪያ ሹሹታ አለ፤ መለኪያዋን የመቀመጫችሁ ቦታ ላይ አቁሙ፣ ሲና ዝግ ያለውን ንባብ ምረጡ፣ እያንዳንዱን ስፒከር 75 ላይ አስተካክሉ። አሥር ደቂቃ አይፈጅም፣ የፊልም ንግግር ጥርት ብሎ ይሰማችኋል። ቲቪ ላይ የምታዩት 20፣ 30፣ 40 የሚለው ቁጥር ግን ዴሲቤል አይደለም፤ የእያንዳንዱ ቲቪ የራሱ ደረጃ ነው።

ለእኔ ከአምስት አራት ኮከብ ትገባታለች። አንዱን የቀነስኩት በራሷ ስለምትጠፋ ነው።

አምፕሊፋየሬ ቁልፍ ዙሪያ አሁን ሁለት ቁራጭ ነጭ ፕላስተር አለ። አንዱ የቀን ነው፣ አንዱ ከምሽቱ ሦስት ሰዓት በኋላ። የማታውን ፕላስተር የለጠፍኩት እማማ መኝታ ቤታቸው ሆነው፣ እኔ ላይ ሆኜ፣ በስልክ እየተነጋገርን ነው። «ቀንስ… ቀንስ… አሁንስ እንጃ… አዎ፣ እዚያ ላይ ተው» ሲሉኝ ለጠፍኩት።